ረቂቄን ይዤ የኦንላይን ወርክሾፕ ልግባ? ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት 4፣ 2017

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ የምኖር የአማርኛ መምህርት ነኝ። ክረምት ክረምት፣ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ እየጻፍኩ በስድስት ዓመት አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጨርሻለሁ። 312 ገጽ ነው። ታሪኩ በ1977 በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው ኢሉባቦር ስለሰፈሩ ሰዎች ነው። አያቴ ከነሱ አንዷ ነበረች።

እስካሁን ያነበቡልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ባልደረባዬ «በጣም ቆንጆ ነው፣ አስለቀሰኝ» አለችኝ። ሌላው ፊደል ፊደሉን አርሞ መለሰልኝ። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ ግን ሳነበው የሆነ ቦታ ላይ እንደሚተኛብኝ ይሰማኛል። የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ስድስት ዓመት አብሬው ስለኖርኩ ዓይኔ ለምዶታል።

አሁን ለጀማሪ ጸሐፍት የሚሰጥ ወርክሾፕ ማስታወቂያ አየሁ። 8 ሳምንት፣ እሑድ ማታ 3 ሰዓት፣ በቴሌግራም በድምፅ። ሰባት ሰው ብቻ ይገባል፤ የመጀመሪያው እሑድ ትውውቅ ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው 15 ገጽ እያቀረበ ሌላው አስተያየት ይሰጣል። 2,500 ብር ነው። ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም። ግን ከብሩ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሥራዬን ለማላውቀው ሰው መስጠት ነው። ሌላው ደግሞ ወሎኛዬን አውጥተው የአዲስ አበባ አማርኛ ያደርጉብኛል ብዬ እፈራለሁ። ገብታችሁ የምታውቁ፣ እስቲ ንገሩኝ።

ብርሌ | ጥቅምት 4፣ 2017

እህቴ፣ ተጠንቀቂ። እኔ አምና እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብቼ ነበር። ማን እንደሆኑ አልናገርም። ገና ሳንጀምር «ሙሉውን ረቂቅ ላኩ» ተባልን። ላክን። ሦስት ጊዜ ተገናኘን፤ ሦስቱንም ጊዜ አሠልጣኙ ስለራሱ መጻሕፍት አወራ። ከዚያ ግሩፑ ተዘጋ፣ ብሩም ቀረ። የግጥም ስብስቤ አሁን በማን ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። የሚመራው ሰው ከዚህ በፊት የማንን ሥራ አርትዖ ታትሟል? የሚላከው በየዙሩ የሚነበበው 15 ገጽ ብቻ ነው ወይስ ሙሉው? ባይመችሽ ብሩ ይመለሳል ወይ? በቀጥታ ካልመለሱልሽ ተይው።

ሕግ አንባቢ | ጥቅምት 5፣ 2017

የብርሌ ማስጠንቀቂያ ተገቢ ነው። ስርቆቱን በተመለከተ ግን መምህርት ያለ ልክ እንዳትጨነቂ አንድ ነገር ልጨምር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ የራስሽ ፈጠራ ሆኖ ተጽፎ ከተቀመጠ ጥበቃው ከዚያው ሰዓት ይጀምራል። እስኪታተም መጠበቅ የለብሽም። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ማስረጃሽን ያጠነክርልሻል እንጂ መብቱን የሚሰጥሽ እሱ አይደለም።

አዋጁ የሚጠብቀው አጻጻፍሽን ነው፤ ሐሳቡን አይጠብቅም። «ከወሎ ኢሉባቦር የሰፈረች ሴት» የሚለውን ሌላ ሰው አንስቶ ቢጽፍበት መክሰስ አትችዪም። ግን የአያትሽን ታሪክ ካንቺ በቀር ማን እንዳንቺ ይጽፈዋል? ረቂቁን ከመላክሽ በፊት ለራስሽ ኢሜይል አድርጊው፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥልሻል።

ዋድላ | ጥቅምት 5፣ 2017

እኔ ወርክሾፕ የሚባለውን አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ግን ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ የምታወሩት ነገር እዚያ የነበረውን ይመስለኛል።

ቅኔ ቆጠራ፣ ቅኔውን ማሰናዳቱ ማለቴ ነው፣ ለብቻ ነው። ጫካ ገብተህ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠህ፣ ከራስህ ጋር ነው። ከዚያ ግን መንገር አለ። የቆጠርከውን ይዘህ ጓደኞችህ በሰሙበት የኔታ ፊት ትቆማለህ። ጀማሪ ስለሆንክ ጉባኤ ቃና የሚባለው ሁለት ቤት ቅኔ ነው ያለህ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትለፋበት ያደርከው ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ከሰሙ ካልገጠመ ያቆሙሃል። አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻ ይነቅሉና ሌላ ይተክሉበታል፤ ቅኔው በሁለት እግሩ ይቆማል። ያን ቀን የተነቀለብኝን አንድ ቃል ዛሬም አስታውሳለሁ። አፍሬ ነበር። በማግሥቱ ግን የቆጠርኩት ከዚያ በፊት ከቆጠርኩት ሁሉ የተሻለ ነበር።

ቆጠራውን ስድስት ዓመት ሠርተሻል እህቴ። ነገራው ነው የቀረሽ።

ስልክ ላይ የምጽፍ | ጥቅምት 6፣ 2017

እኔ ሪያድ ነኝ፣ ማዳም ቤት ነው የምሠራው። አምና በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ አጫጭር ልብ ወለዶቼን አስነብቤያለሁ፤ ሁሉንም በስልክ ነው የጻፍኳቸው። በኛና በአዲስ አበባ መካከል የሰዓት ልዩነት ስለሌለ ማታ ሥራ ጨርሼ ማድ ቤት ሆኜ በጆሮ ማዳመጫ እገባ ነበር።

ከኔ የምትሰሚው ይህን ነው፤ ያንቺ ተራ ሲሆን ብቻ አትምጪ። እኔ መጀመሪያ ላይ የኔ ሥራ እስኪነበብ ነበር የምጓጓው። በአራተኛው ሳምንት የአንድ ልጅ ጽሑፍ ላይ «እዚህ ጋ ባለታሪኩ ለምን እንደሄደ አልገባኝም» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ሳልጨርስ የራሴ ታሪክ ላይ ያለው ችግር ያው መሆኑን አየሁ። ሦስት ወር ያላየሁትን ነው። የሰው ሥራ አንብቢ፣ ጊዜ ሰጥተሽ አንብቢ።

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት 8፣ 2017

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብርሌን ሦስት ጥያቄዎች ላክሁላቸው፤ ሦስቱንም በዚያው ቀን መለሱልኝ። የሚላከው የሚነበበው ክፍል ብቻ ነው። ከፍያለሁ። ጋሼ ዋድላ፣ «ነገራው ነው የቀረሽ» ያሉትን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ረቂቁን የጻፍኩት ትምህርት ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ በድሮው የግዕዝ መጻፊያ ነበር። ፋይሉን ጉግል ዶክስ ላይ ስጭነው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ልቤ ቀጥ ነው ያለው። ስድስት ዓመቴ እኮ ነው።

ፊደል ጠጋኙ | ጥቅምት 8፣ 2017

አይዞሽ፣ አልጠፋም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው የኛን ቅርጽ ያሳዩ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከፈራሽም ስልቱን አሳይሽና ራስሽ ቀይሪው። ከተቀየረ በኋላ እንደ ሟ፣ ቷ፣ ጓ ያሉትን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይንሽ ተከታተዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

ሌላም ልንገርሽ። ቃል ፈልጎ መተካት ስትጀምሪ ኮምፒውተሩ «ዓለም»ንና «አለም»ን ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚላቸው። «ኃይል» በሦስት ዓይነት ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከአሁኑ በአንድ ወረቀት ላይ የምትመርጪውን አጻጻፍ መዝግቢ፣ የሰዎችሽንና የቦታዎችሽንም ስም ጨምሪበት።

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት 26፣ 2017

ፋይሉ ዳነ! ፊደል ጠጋኙ፣ እግዜር ይስጥህ። ስለ ወርክሾፑ ደግሞ ልንገራችሁ ብዬ ነበር፣ እሑድ ዕለት ነው ተራዬ የደረሰው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስንገባ ከሰባታችን አንዷ፣ የቨርጂኒያዋ ልጅ፣ የለችም። ያለሷ እንዳንጀምር የኔን ምዕራፍ እንድታነብ የተመደበችው እሷ ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅናት። ለካ በዚያው ዕለት አሜሪካ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል፤ በሰባት ሰዓት የነበረው ልዩነታችን ስምንት ሆኗል። አራት ሰዓት ላይ ስትገባ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ሄዶ በስልኬ ባትሪ ነበርኩ።

ደንቡ ጸሐፊው የራሱን አያነብም። ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል፤ አስተያየት ሲሰጥም እስከ መጨረሻው አይመልስም። ይህ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ልጅቷ ማንበብ ስትጀምር ነው። መጽሐፌ የሚጀምረው በታሪክ ነው። ስለ ድርቁ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንደተወሰደ፣ ደርግ ያወጣውን መመሪያ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ስጽፈው ኮርቼበት ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የሰበሰብኩት ነው። በሷ አፍ ስሰማው ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ድምጿ ደከመ። አምስተኛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ትንፋሽ አጥሯት ተመልሳ ጀመረች። በመስመሩ ላይ ማንም አይስልም፣ ማንም አይንቀሳቀስም። አንብባ ስትጨርስ አንዱ «አያትዎ መቼ ነው የምትገባው?» ብሎ ጠየቀ።

አያቴ የምትገባው ገጽ 39 ላይ ነው።

ያ የሚተኛብኝ ቦታ የት እንደሆነ ያን ሌሊት አወቅሁት። 38 ገጽ።

ብርሌ | ጥቅምት 26፣ 2017

38 ገጽ ልትጥዪ ነው?

የጦሳ ልጅ | ጥቅምት 27፣ 2017

አልጣልኩም፣ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ማወቁ ለኔ ያስፈልገኝ ነበር። አንባቢው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው አያቴ ናት።

ማለፊያ | ኅዳር 2፣ 2017

አንድ ነገር ያሳስበኛል። እነዚህ ወርክሾፖች ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ዓረፍተ ነገር ቁረጥ፣ አሳጥር። ይህ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። አማርኛ «ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቡናዋን ሳትጠጣ ወጣች» እያለ እየተሳሰረ፣ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ቋንቋ ነው። አንባቢው ማሰሪያው እስኪመጣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። እየቆራረጡ የቴሌግራም ዜና እንዳያስመስሉብሽ።

የጦሳ ልጅ | ኅዳር 3፣ 2017

ማለፊያ፣ ያልከው እኛም ውስጥ ተነሥቶ ብዙ ተከራክረንበታል። የኔን ጽሑፍ ሳየው ግን እንዲህ ሆነ። በአንድ ገጽ ላይ «ነበር» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ አገኘሁት። እነዚያ አጫጭሮቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በ«ነበር» ያልቃሉ፣ ሲነበቡ እንደ መዶሻ ይመታሉ። ያልከውን ዓይነት ረጅሙን የተጠቀምኩት ደግሞ ምንም በማይሆንበት ቦታ ነው። አያቴ ውሃ ስትቀዳ ስድስት ግሥ ደርድሬያለሁ። አሁን ረጅሙን ከሌላው ቦታ ሁሉ አውጥቼ ካሚዮኑ ለሚነሣበት ጠዋት ብቻ አስቀመጥኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግማሽ ገጽ ይሆናል፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ሄደች» ነው። የሪያዷ እህቴ እዚህ ቡድን ውስጥ ብትሆኚና ብታነቢልኝ ደስ ባለኝ።

ስልክ ላይ የምጽፍ | ኅዳር 3፣ 2017

ድምፅ ቀድቼ እልክልሻለሁ፣ ገጹን ላኪልኝ። ዓርብ ዕረፍት ነኝ።

የጦሳ ልጅ | ኅዳር 18፣ 2017

ሁለተኛው ተራዬም አለፈ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ያቀረብኩት ካሚዮኑ የሚነሣበትን ምዕራፍ ነው። የድሮው እንዲህ ይላል፦

«አያቴ ያን ቀን እጅግ በጣም አዝና ነበር። ልቧ ተሰብሮ ነበር። እንባዋ እንደ ጎርፍ ይወርድ ነበር።»

የሚመራን ሰው አስተያየት አልሰጠም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ስታዝን እጇ ምን ይሠራል?» አላውቅም አልኩ፣ አያቴ ከሞተች ቆይቷል። እናቴን ጠይቂ አለኝ። በማግሥቱ እናቴ ጋ ሄድኩ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ካሚዮኑ ላይ አጠገቧ ነበረች። ቡና እየቆላች ነገረችኝ፣ ቀና እንኳ አላለችም። አሁን የተጻፈው ይህ ነው፦

«በሩን ዘግታ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። ካሚዮኑ ኩታበርን እስኪያልፍ ድረስ ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ትዳስሰው ነበር።»

አንድ «ነበር» ቀርታለች፤ እሷን አልነካትም።

ሌላም አለ። ከኛ ውስጥ አንዱ ወላጆቹ ኢሉባቦር የሰፈሩ ልጅ ነው፣ እዚያው ነው የተወለደው። ምዕራፍ አራት ላይ ሰዎቹ በደረሱ በዓመቱ በጥማድ በሬ ሲያርሱ ጽፌያለሁ። «የትኛውን በሬ?» አለኝ። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በሬዎቹን እንደጨረሳቸው፣ አባቱ መጀመሪያ ላይ መሬቱን በእጁ እየቆፈረ እንደዘራ ነገረኝ። እኔ ይህን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላየሁትም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር ጨብጦ የኖረ ሰው መቆፈሪያ ይዞ ሲያጎነብስ የሚያሳየው ምዕራፍ አሁን ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ነው።

የእማማ ልጅ | ኅዳር 19፣ 2017

ቁልፉን ሳነብ አለቀስኩ። ወሎኛሽስ? ያን ፈርተሽ ነበር።

የጦሳ ልጅ | ኅዳር 20፣ 2017

እውነት ነው፣ ፈርቼ ነበር። የቨርጂኒያዋ ልጅ እዚያው ስላደገች «ወዳጃ»ን፣ «ዱበርቲ»ን፣ «ጀባ»ን አታውቃቸውም፤ የግርጌ ማስታወሻ ይግባ አለች። አንዱ ደግሞ ቃላቱ ይቀየሩ አለ። ሌሊቱን ተናድጄ አደርኩ። ማግሥቱን ሳስበው ግን ልጅቷ ያለችው አልገባኝም ነው እንጂ አስወግጂው አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ሳልነካ አጠገቡ ያለውን አስተካከልኩ። አሁን እንዲህ ነው፦ «ዱበርቲዋ አቦሉን ተቀብለው ሳይቀምሱት መረቁ፤ ቤቱ ሁሉ አሚን አለ።» መልሳ ስታነበው «ዱበርቲ ማለት እንዲህ የሚመርቁ ትልቅ ሴት ናቸው አይደል?» አለችኝ። ናቸው። የግርጌ ማስታወሻ የለኝም።

የማልደራደርበት አንድ ነገር ነበር። ምራቲቱ አማቷን «አንቱ» ስትል «እርስዎ» ይሁን ተብሎ ነበር። አይሆንም አልኩ፤ እናቴ አያቷን «እርስዎ» ብላ አታውቅም። ተቀበሉኝ።

ዋድላ | ኅዳር 20፣ 2017

አንቱን ባለመንካትሽ ደግ አድርገሻል። የሚነቀለውንና የማይነቀለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። የኔታም ቢሆኑ አልፎ አልፎ «ይሁንልህ» ይሉ ነበር።

የጦሳ ልጅ | ታኅሣሥ 3፣ 2017

ወርክሾፑ እሑድ ዕለት አለቀ። ሰባታችንም እስከ መጨረሻው ነበርን። ረቂቁ 312 የነበረው 247 ገጽ ሆኗል። ሰባታችን በራሳችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ለመቀጠል ተስማምተናል።

ምዕራፍ ዘጠኝ ግን ቆሞብኛል። አያቴና እናቴ ወደ ወሎ የተመለሱት በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ነው የወጣው። እናቴ ከመቱ ወጥተው በደሌ እንዳደሩ ታስታውሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶባታል፣ ታማ ነበርና። ስንቱን በእግር፣ ስንቱን በመኪና እንደሄዱ፣ ምን እየበሉ እንደሄዱ፣ መንገድ ላይ ማን እንዳሳደራቸው አላውቅም። ከዚህ በፊት ቢሆን ከራሴ ፈጥሬ እጽፈው ነበር። ከበሬው በኋላ ግን አልደፍርም። ያን መንገድ የሄደ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ቡና ቀለም | ታኅሣሥ 4፣ 2017

መምህርት፣ ክሩን ከመጀመሪያው ስከታተል ነበር፣ ጽፌ ግን አላውቅም። እናቴ ከዚያ ነው የመጣችው፣ በ83 ሰኔ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝላ። ከበደሌ በኋላ ያለውን ታውቀዋለች፤ ያሳደሯቸውን ሴትዮ ስም ሳይቀር ታነሣለች። ስለዚያ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ትላንት ማታ ያንቺን የቁልፉን ቦታ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ይቺ ልጅ ትደውልልኝ» አለች። ቁጥሯን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል፣ ጮክ ብለሽ አውሪያት። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ቡና ላይ ነን።